የሞቀ መኪና ይዋሻል

ጥር ነው በጊዩምሪ፣ ሊነጋ ሲል ሰማይ፣
በረዶው ተጋግሯል በጥቁሩ ድንጋይ ላይ።
ወንድሜ ለሥራ ሩስያ ሲሄድ የተዋት፣
አርባ ዓመት ያለፋት፣
ቀለሟ ሰናፍጭ፣ አንድ በሯ በሽቦ የሚዘጋ
ላዳ አለችኝ፤ የማትወደው ነገር ቢኖር ሌሊቱ ሲነጋ።

ቁልፉን ሳዞር ትነሣለች፤
ታጓራለች፣ ትስላለች፣ ትንቀጠቀጣለች፤
እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳነሣ
ድርግም።
እንደገና ሳስነሣ
ድርግም።

አሾትስክ ላይ ወተት መዛኝ ነኝ እኔ፤
ገበሬው ጣቱን እያሸ ተሰልፎ ይጠብቀኛል፣
ስሜን እያነሣ በእርግማን በኩነኔ።

መካሪ መች ጠፍቶ!
ጋርኒክ «ካንዴላ ነው» አለኝ፤ አራት ካንዴላ ገዛሁ።
ሹሻኒክ «ባትሪው ነው» አለች፤ ባትሪ ታቅፌ ሦስት ፎቅ ወጣሁ፣
ከምድጃው አጠገብ እንደ እንግዳ አሳድሬው፣ በነጋታው ይዤው ወረድሁ።
አንድ የታክሲ ሰው ደግሞ ኮፋኖውን ከፍቶ
የሚኒሞውን ቡሎን አጠበቀ፤
ጧት ያው ድርግም፤ ቀትር ላይ ግን ቆሜ ሳለሁ
ሞተሩ እንደ እብድ ጮኸ፣ ብቻውን ሳቀ።
«ሽጫት» ያላለኝ የለም፤
የሚገዛኝ ግን የለም።

ምድር ቤት የሚኖሩት ሽማግሌ፣ ሕማያክ፣
በካልሲ ፋብሪካ ጩኸት አንድ ጆሯቸውን የገበሩ፣
ደረጃው ላይ አስቆሙኝና እንዲህ ሲሉ ተናገሩ፦
«ከሰዓት እንዳታመጪያት፤ የሞቀ መኪና ይዋሻል።
ሕመሙ ብርድ ላይ ከሆነ ሐኪሙም ብርድ ላይ ይቆማል።
ማታ አታስነሺያት። ጧት መጥተሽ ቀስቅሺኝ።
እስከዚያ ማንም በካቻቢቴ አይንካት፤
የሚነካካ ሰው ነው የሚያሳስተኝ።»

ጧት ወጡ፣ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣
ክንድ የሚያህል የጎማ ቱቦ በብብታቸው ይዘው።
«ቁልፉን ክፈቺ ብቻ፤ አታስነሺ።» ጠቅ አለች አንዲት ነገር።
«ይቺ ደኅና ናት» አሉ፣ ጣታቸውን አጥፈው፣ የሚቆጥሩ ይመስል ነበር።
የአየር መዝጊያውን ገመድ ሳብኩ፤ ቅጠሏ ተዘጋች፣
«ይቺም ሰነፍ አይደለች።»
«በይ አሁን አስነሺ!»

የቱቦውን አንድ ጫፍ ደኅናው ጆሯቸው ላይ ሰክተው
በሌላው ጫፍ ሞተሩን ይዳስሱት ጀመር፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፤
እኔ እግሬ ነዳጁ ላይ፣ ትንፋሼ መስታወቱ ላይ፣
እሳቸው ሌላ አገር፣ ከድምፅ በታች ካለ ድምፅ ላይ።
ፉጨት አገኙ፤ ቀጭን፣ ጥርሱ በወለቀ ልጅ አፍ እንደሚያፏጩት።
ከዚያ በመርፌ ቤንዚን ጠብ፣ እዚህ ጠብ፣ እዚያ ጠብ፤
(«ይቃጠላል!» አልኩ። «ዝም በይ» አሉኝ።)
ወደ ፍሬኑ የሚሄደው ቱቦ አንገት ላይ ጠብ ሲል
ሞተሩ ቀና አለ፣
በስሙ እንደ ጠሩት ሰው።
«ሰማሽ? ጠጣችው!
በማያገባት በኩል አየር ስትስብ ነው የከረመችው።»

ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ነበር፤
ጎማው ሲሞቅ ለስልሶ የሚገጥም፣ ሲበርድ ደርቆ የሚከፈት።
ለካ ቀትር ላይ ያየው ሁሉ ያላየው ለዚህ ነው።

ሱቅ ገና አልተከፈተ። ቤት ገቡና
የኮክ አረቄ ከበርሜል የሚቀዱበትን ወፍራም ጎማ
ስንዝር ቆርጠው ይዘው መጡ፣ አንዴ በናፍቆት አሽትተው።
«ለጊዜው ነው» አሉኝ፣ በሽቦ ጥብቅ አድርገው አስረው።
የታክሲውን ሰው ቡሎን አንድ ዙር ተኩል መለሱ።
ፍሬኗን ሦስት ጊዜ አስረገጡኝ፤
«ሂጂ» አሉና ወደ አልጋቸው ተመለሱ።

ድልድዩ ጋ ቀይ መብራት ያዘኝ።
ፈራሁ።
እግሬን አነሣሁ።
ዝቅ አለች፣ ዝቅ አለች፣ ከዚያ ረጋች፤
ሌላ ሰው የያዘላት ይመስል ቆመች።
ከኅዳር ጀምሮ ቀኝ ባቴን የሚወጋኝን ሕመም
የአጥንት ብርድ ነው እያልኩ ቅባት ስቀባ ነበር፤
ለካ ስረግጥ ነበር፣ ስረግጥ፣ አንድም ቀን ሳላሳርፈው።
አረንጓዴ በራ። ከኋላዬ ከባድ መኪና ጡሩንባ ነፋ፤
እኔ ገና እግሬን እያየሁት ነበር።

ገበሬዎቹ ግን በመስኮቴ አሽትተው ተጠቃቀሱ፦
«ዛሬስ በጊዜ መጣች፤
ግን ጠጥታለች።»